የሜሮን የራሽያኛ ደብተር

ዛሬ በምሳ ሰዓት ጋሊና የልጄን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ አረመችልኝ።

ጋሊና እዚህ ኧርቪንግ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አብራኝ አንሶላ የምታጥፍ ሩሲያዊት ናት። አገሯ አስተማሪ ነበረች።

ልጄ ሜሮን ኮሌጅ ራሽያኛ ትማር ነበር። በፋሲካ ሰሞን ዐረፈች። የመጨረሻው የቤት ሥራዋ ግስን ከባለቤት ማስማማትና ነጠላ ሰረዝን ቦታው ማስገባት ነበር። ሳይታረም ቀረ። እኔ ፊደሉንም አላውቀው፤ ስንት እንዳገኘች ሳላውቅ መቅረቴ ከነከነኝ።

ጋሊና መነጽሯን አድርጋ ሃያውንም ዓረፍተ ነገር አነበበች። ከዚያ ከታች ትልቅ 5 ጻፈች።

ደነገጥኩ። "ከአሥር አምስት? ግማሹን ሳተችው?" አልኳት። (አባቴ ቢሆን ለአምስት አርጩሜ ነበር የሚቆርጠው።)

"ምን ነካሽ! እኛ አገር ከአምስት በላይ የለም" አለችኝ። "አንድ ነጠላ ሰረዝ ረስታለች። ለእሱ አልቀንስም።"

"አዝነሽልኝ እንዳይሆን?"

"በማርክ አላዝንም። የገዛ ልጄን ሁለት ሰጥቼ ጥያለሁ።"

አመንኳት። ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ አንሶላው ተመለስኩ።

እናንተስ፣ ልጃችሁ ሠርቶት የሄደውን ነገር ለማን አሳያችሁ? ምን አሏችሁ?