አጎቴ የደፈነው ቫልቭ

ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ሻጩ የውሃ ማሞቂያ ሲለኩስልኝ የጋዙ ሽታ ልጅነቴን አመጣብኝ።

አጎቴ መኝታና ኩሽና ያለው መኪና ነበረው። ማሞቂያው በጋዝም በመብራትም ይሠራል። እንፋሎት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ቢያንጠባጥብበት በእንጨት ደፈነው። አንድ ቀን ዋሂል ከሚባል ገጠር የመጣችው ሠራተኛችን ዘሃራ እዚያ ዕቃ ስታጥብ፣ "ጋሼ፣ ማሞቂያው እየጮኸ ነው" አለችው።

"አቦ አትጨቅጭቂኝ! ዝም ብለሽ እጠቢ!"

ወዲያው የማሞቂያው ጋን ፈንድቶ ፍል ውሃው ፊቷ ላይ ተደፋ። አጎቴ ሮጦ ገባ፤ አላነሳትም። እንጨቱን ፈልጎ ኪሱ ከተተና ለእናቴ "ከዳነች ታወራለች" ብሎ አንሾካሾከላት። መዳኗን የተመኘላት መስሎኝ ደስ አለኝ።

ሐኪም ሳያያት ፊቷን በሻሽ ሸፍነው በጭነት መኪና ወደ ዋሂል ሰደዷት። እዚያው ሞተች።

ማሞቂያውን ሳልገዛ ወጣሁ። አጎቴ ዛሬ የሰፈራችን አስታራቂ ሽማግሌ ነው፤ ሰዎች እውነቱን እንዲናገሩ የሚያስምለው እሱ ነው።