በሟች ኮት የተቀባው ሳሎን

ይህን የንስሐ አባቴ እንኳ ሳይሰሙት ሞቱ። እኔም ይዤው ልሞት አስቤ ነበር። ግን ዲላ ውስጥ የታደለችን ስም እስከ ዛሬ በክፉ የሚያነሱ ስላሉ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ልናገር። እሷን ለማመስገን አይደለም። የሚያስመሰግናት ነገር ካለ ሌሎች ይናገሩላት።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። ከታደለች ግቢ በጓሮ በኩል አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ባሏ የቡና መኪና ሾፌር ነበር፤ ልጅ ሳይወልዱ ሞተባት። ቤቱ የተሠራው በወንድሞቹ ቦታ ላይ ስለነበር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ወሰኑ፦ ሐዘኗን ጠብቃ ከኖረች ቤቱ ቤቷ ነው፤ ወንድ ካስገባች ትወጣለች።

ሟች ከመታመሙ በፊት ለሳሎኑ ብሎ የገዛው አንድ ጣሳ አረንጓዴ ቀለም ነበር። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ቤት መቀባት ነውር መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ቤት የሚቀባው ለሠርግ ነው። የገፋፋኋት እኔ ነኝ። እሱ የገዛው ነው፣ ጣሳው ውስጥ ደርቆ ከሚቀር ብዬ። ታደለች እሺ ያለችው ቀለሙን ካደበዘዝነው ብላ ነው። ጥቁርና ቡናማ ጠብ እያደረግን በእንጨት ስናማስል ዋልን። የደረቀ የወይራ ቅጠል ሲመስል፣ "አሁን ቀለሙም ሐዘን ተቀመጠ" አለች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቀሚሴ እንዳይበላሽ የሟችን ካኪ ኮት አለበሰችኝ፤ ፀጉሬን በባርኔጣው ሸፍኜ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ እቀባለሁ፣ እሷ ከታች ታቀብለኛለች። እንዲያ ያለ ደስ የሚል ቀን ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ይህን ብል ማን ያምነኛል?

ስንጨርስ የተረፈውን ቀለም ለክፍሌ ጠየቅኋት።

"ያንቺ ክፍል እኮ ጭስ የለመደ ነው፤ ቀለም ምን ያደርግለታል?" አለችኝ እየሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን ውስጤ ገባ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ኮት የለበሰ ወንድ ሳሎኗን ሲቀባ ጎረቤት በመስኮት አይቶ ለሟች ታላቅ ወንድም ነግሮት ኖሯል። ሰውየው ማነው ብለው ሲጠይቋት ታደለች አልደነገጠችም። እንዲያውም ሳቅ እየተናነቃት ወደ እኔ ዞረች።

"እሷ ትንገራችሁ።"

እኔ ነበርኩ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሰውየው እኔ ነኝ፤ ኮቱን የለበስኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው? ምን ያደርጉኝ ነበር? ቢበዛ ይስቁብኝ ነበር።

"አላውቀውም" አልኩ። "ሲገባ ግን አይቻለሁ።"

ሁለተኛውን ማንም አልጠየቀኝም። ከራሴ ጨመርኩት።

ታደለች ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰችም። ለምን አላጋለጠችኝም? በዚህም ለዓመታት ተናድጄባታለሁ፤ ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ እውነቱን እናገር ነበር እያልኩ። ውሸቴን ነው። አልናገርም ነበር። በሦስተኛው ቀን ዕቃዋን አስጭና እህቷ ዘንድ ወናጎ ገባች። ቤቱን የሟች ታላቅ ወንድም ከነሚስቱ ገባበት። እኔ ከጓሮ አልተነሳሁም። ሚስትየው ስትጠራኝ እየሄድኩ እዚያ ሳሎን እቀመጣለሁ። እንግዶች ቀለሙን ሲያደንቁ እሰማለሁ፤ ደግሞም ደስ ይለኝ ነበር።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእሷ ነበር። ወናጎ ከዲላ ሩቅ አይደለም፣ መኪናም ሞልቷል። እስክትሞት ድረስ ሃያ ዓመት እዚያ ኖረች። አልሄድኩም።