መሪጌታና አዲሱ ሶፋ

መካነ ሰላም ሆስፒታል ሥራ የጀመርኩ ቀን የነርሶቹ ኃላፊ፣ ሜትሮኗ፣ ክፍሌን ከፍታ አሳየችኝ። አንድ አልጋ፣ ጥንድ ክራንች፣ ይዘው የሚራመዱበት የብረት ድጋፍና ክንድ ማሳረፊያ የሌለው የእንጨት ወንበር ነበረው። «ፊዚዮቴራፒ እያልሽ አትድከሚ፤ ሰዉ ወጌሻ ነው የሚልሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። እስከ ዛሬ የሆስፒታሏ ወጌሻ ነኝ፤ ስሙንም ወድጄዋለሁ።

ከዕቃዎቼ ሁሉ የምተማመነው በዚያ ወንበር ነው። አንድ አዛውንት በእጃቸው ሳይደገፉ ከተነሡበት ግማሽ ልቤ ያርፋል።

መሪጌታ ይትባረክ ግን አቃታቸው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ ማሕሌት ቆመው የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸውን አየሁ፤ ደህና ነው። የጭናቸው ጡንቻ ግን ሰልሏል።

«ቤት ምን ሲሠሩ ይውላሉ?» አልኳቸው።

«እቀመጣለሁ።»

ነገሩ የመጣው ልጃቸው ጥሩወርቅ ከጅዳ ከተመለሰች ወዲህ ነው። ውሃ ታቀብላቸዋለች፣ ጫማ ታጠልቅላቸዋለች። ከደሴ ያስጫነችው ሶፋ ደግሞ ሰው ይውጣል። «በሰው አገር የለፋሁት አባዬ እንዲያርፉልኝ ነው» አለችኝ።

መሪጌታን ያስጨነቃቸው ሌላ ነው። ከፋሲካ በኋላ የደብራቸው ንግሥ አለ። «ሰው ደግፎኝ ማሕሌት ከምቆም ብቀር ይሻለኛል» አሉ። አንጀቴን በሉት።

ሶፋውን ለእንግዳ ትተው ከፍ ባለው መደብ ላይ እንዲቀመጡ ነገርኳቸው። ግድግዳ አጠገብ ሆነው፣ ትንፋሻቸውን ሳይዙ፣ ቀስ ብለው ቁጭ ብድግ ይበሉ፤ ካዞራቸው ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ያቁሙ። ለእግር ጉዞ ጎረቤታቸውን ሐጂ ሰይድን አጣመርኩላቸው። «እየሄዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው» አልኳቸው።

«አብሽሪ ልጄ፣ ወሬስ አያቅተንም» አሉ ሐጂ። እውነትም አላቃታቸውም። ችግሩ፣ ለመከራከር መንገድ መሃል ይቆማሉ።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጥሩወርቅ በሩን በርግዳ ገባች። «ገደልሽብኝ!» መሪጌታን ሐጂ ደግፈው ከኋላዋ መጡ። አስተኝቼ ግፊታቸውን ለካሁ፤ ዝቅ ብሏል። ሐኪሙም መጥቶ አያቸውና ደህና ናቸው አለን።

«ምን ሲያደርጉ ነው?» አልኳቸው።

«ቁጭ ብድግ ይበሉ ብለሽኝ የለ? ስግደት አደረግሁት። በአንድ ድካም ሁለት ዋጋ ላገኝ ብዬ!»

ለካ ጠዋት የጀመሩት ነው፤ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ ከወለል ብድግ እያሉ። ልቆጣ ስል ሐጂ ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔም ሳቅሁ። ጥሩወርቅ ግን አልሳቀችም።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ከሶፋው አይነሡም» አለች።

«ካልተነሡማ የባሰ ይደክማሉ፤ ያኔ ነው የሚወድቁት» አልኳት።

መሪጌታ እጇን ያዙ። «እንዳርፍ ብለሽ ነው ልጄ፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ደከመኝ አላልኩሽም እኮ።»

«እሺ አባዬ» አለች። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብድጉ እህል ከቀመሱ በኋላ ሆነ። ስግደቱም የንስሐ አባታቸው በፈቀዱላቸው መጠን ብቻ፤ ከወለል ሲነሡ ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ ቁጭ ብለው።

በንግሡ ዕለት ከሴቶቹ መካከል ቆሜ አየኋቸው። መቋሚያቸውን ይዘው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ቆመዋል። መሃል ላይ አረፍ አሉ፤ እሱንም ያዘዝኳቸው እኔው ነኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤታቸው ገባን። ሶፋው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ለመነሣት እኔንም ያስቸግራል። መሪጌታ ከመደቡ ላይ «ውሃ ጠማኝ» አሉ። ጥሩወርቅ ብድግ አለች። አየችኝና ተመልሳ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ጠበቀች።

መሪጌታ ተነሡ። ወደ ጓዳ ገብተው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዘው ተመለሱ፤ አንዱን ለእሷ ሰጧት። ተቀብላ አለቀሰች።

ከሥራዬ የተማርኩት ይኸው ነው፤ አዛውንት ራሳቸው የሚችሉትን አንቀማቸው። አጠገባቸው ሆነን እንጠብቃቸው።