ዳቦው እንዳያፍር

ሐሙስ ከሰዓት ኢየሩሳሌም ወዳለችው የስጦታ ሱቄ አንዲት ሴት ገባች። ግራጫ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች፤ ጣቶቿ ላይ ቀለበት የለም። ዕቃ ስትመርጥ ዓይኗን ጨፍና በእጇ ትመዝናለች።

«ሙሽራዋ ሽፍራ ችኩል ናት፤ ረጅም መቅረዝ ብሰጣት በመጀመሪያው ሰንበት ትጥለዋለች» ብላ አጭሩን አነሳች። ለሙሽራው ታቹ ሰፋ ያለ የወይን ጽዋ መረጠች። «እሱ ደግሞ እሷን ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል።»

«ይሄን ሁሉ ጉድ ማን ነገረሽ?» አልኳት እየሳቅሁ።

«ዓይን የለኝም እንዴ?»

ከዚያ እጇ በወርቅ ክር የተጠለፈ የዳቦ መሸፈኛ ላይ ቆመ። በእኛ በአይሁድ የሰንበት ማዕድ ቀድሞ መባረክ የሚገባው ዳቦው ነበር። ወይኑ ስለሚቀድመው ግን፣ አይቶ እንዳያፍር ብለን እንሸፍነዋለን።

«ይሄስ ለማን ነው?»

«ለሙሽራዋ ታላቅ እህት።»

«እሷስ አግብታለች?» አፌ አያርፍም።

«ታናሿ ቀደመቻት።»

«አይዞሽ በያት፣ ለእሷም ይደርሳታል። በሚያምር ወረቀት ልጠቅልልላት?»

«ተወው» አለችና መሸፈኛውን አጣጥፋ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «የሽፍራን ግን አሳምረህ ጠቅልልልኝ።»