የፀሐይ አክሊልና የሞላሌዋ ተማሪ

መሐል ሜዳ ፊዚክስ ሳስተምር፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ውስጥ ከሞላሌ የመጣች፣ ድምጿ ብዙም የማይሰማ ተማሪ ነበረች። አባቷ ሞላሌ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። አንድ ቀን ፀሐይ ጠጣር አካል ስላልሆነች ወገቧ ፈጥኖ፣ ዋልታዎቿ ዘግይተው እንደሚዞሩ ሳስረዳ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ከላይ ያለው አየርስ? ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን ዙሪያዋን እንደ አክሊል የሚታየው፣ እሱም እንደዚያው ነው የሚዞረው?»

«አላውቅም፤ አንብቤ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ኔትወርክ በመጣ ቁጥር በስልኬ አነበብኩ። መልሱ አስገረመኝ። አክሊሉ እጅግ የሳሳ ጋዝ ሆኖ ሳለ፣ በወገብና በዋልታ በኩል ያለው የፍጥነት ልዩነት ከፀሐይ ገጽ ያነሰ ነው። አንዳንዱ ክፍሉማ እንደ አንድ አካል ተያይዞ ይዞራል። የሚያያይዘው መግነጢሳዊ መስክ ነው ይላሉ፤ እንዴት እንደሆነ ግን ገና እየተከራከሩበት ነው።

መብራት ስላልነበረ ምስል ማሳየት አልቻልኩም። ተማሪዎቹን በጉም ውስጥ ወደ ሜዳ አወጣኋቸው። አንዱን ቡድን ጎን ለጎን አሰልፌ፣ መሃል ያሉት እንዲሮጡ፣ ዳር ያሉት እንዲራመዱ አደረግሁ። ሰልፉ ወዲያው እንደ ቀስት ጎበጠ። ሁለተኛው ቡድን ግን በመግነጢሳዊ መስኩ ፋንታ አንድ ገመድ ወጥሮ ይዞ ስለሄደ፣ ብዙም ሳይጎብጥ ሜዳውን አቋረጠ።

በዚህ መሃል የልጅቱ አባት መጡ።

«ሱቁን የሚይዝልኝ ሰው አጥቻለሁ፤ ልጄን ልወስዳት ነው» አሉኝ። ሜዳውን አየት አድርገው፣ «ስፖርት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ፊዚክስ ነው። ጥያቄውን ያመጣችው ልጅዎ ናት።»

ጠርቻት ለአባቷ እንድታስረዳቸው ነገርኳት። ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ገመዱን በእጇ እንደያዘች አስረዳቻቸው። አንድም የሳተችው ነገር አልነበረም።

«ይሄ ለፈተና ይመጣል?» አሉኝ።

«አይመጣም።»

ደወል እስኪደወል ቆመው ጠበቁና ይዘዋት ወደ ሚኒባሱ ሄዱ። ሳምንቱን ሙሉ ወንበሯ ባዶ ነበር። በቃ ቀረች ብዬ አዘንኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ መጣች።

«ሱቁን አክስቴ ያዘችው» አለችኝ። «አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር የፀሐይዋን ነገር አስረጂ ይለኛል። ሰለቸኝ።»

አሁን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፋርማሲ እየተማረች ነው። ፊዚክስ ለምን እንዳልመረጠች ስጠይቃት፣ «ሥራ ይገኝበታል እንዴ ቲቸር?» አለችኝ። እኔም አልተከራከርኳትም።