ጅብ ያጠገብንበት ዓመት

የልጅ ልጄ ለፈተና ስታጠና ጮክ ብላ ነው የምታነበው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ስለ እንስሳት ብዛት ታነብ ነበር፤ ምግብ ሲትረፈረፍ ይበዛሉ፣ ሲያልቅባቸው ወይ ያልቃሉ ወይ ሌላ ይፈልጋሉ ትላለች። እኔ አጠገቧ ምስር እለቅማለሁ። ይህን ትምህርት እኔም ተምሬዋለሁ፤ እዚሁ ቀራንዮ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ ያለ መጽሐፍ።

ያኔ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴን ወታደሮች ከመንገድ ወስደውት አልተመለሰም። በዚያው ሰሞን የእናቴ ጡት ደረቀ። ታናሽ ወንድሜ ገና መቆም አልጀመረም፤ የሚኖረው በላማችን ወተት ነበር።

ሰፈሩ ቁጥቋጦና የገብስ ማሳ ነው። ውሾቻችን ወታደሮቹ ባለፉ ቁጥር ስለሚጮኹባቸው መርዝ የነካው ሥጋ ተበተነላቸውና ውሻ የሚባል ጠፋ። ውሻ ሲጠፋ ጅብ ከሸለቆው ወጥቶ አጥራችንን ይታከክ ጀመር።

መላውን ያመጡት አያ ወልዴ የሚባሉ ቆዳ ነጋዴ ጎረቤታችን ናቸው። "የጠገበ ጅብ በረት አይሰብርም፤ አፋፉ ላይ እናብላው" አሉ። ሰው ተስማማ። ያረደ ሁሉ አጥንቱንና የሆድ ዕቃውን እዚያ ይደፋል። እኔም በአሮጌ ቅርጫት ተሸክሜያለሁ፤ ጭቃውና ሽታው ዛሬም አይረሳኝም። እውነትም ጅቦቹ አጥራችንን ተዉት፤ አያ ወልዴም ደረታቸውን ነፍተው ሰነበቱ። ከማዶ ያለው ጅብ ሁሉ ወደኛ ሸለቆ እየተጠቃለለ መሆኑን ግን ልብ ያለ አልነበረም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። እኛ ክርስቲያኖቹ ቢላዋችንን ሰቀልን። ጅብ እንደማይጾም ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

ሙስሊሙ ጎረቤታችን አባባ ሸምሱ አጥሩ ጋ ቆመው እናቴን ጠሯት። "እኔ ያለኝን እደፋለሁ። የአንድ ቤት አጥንት ግን ያን ሁሉ መንጋ አያጠግብም። ጥጃሽን ቤት አስገቢው፣ ልጄ።"

"ቤቱ ጠባብ ነው፣ አባባ። በረቱን በእሾህ አጠብቀዋለሁ" አለቻቸው።

አጠበቀችው። ጠዋት ስንነሣ እሾሁ ተበትኗል፤ ጥጃው የለም። ላሚቱ ደህና ናት፣ ግን ጥጃዋን ካላየች አትታለብም። ጥጃ ሲሞት ቆዳው ጭድ ተሞልቶ ፊቷ ይቆማል፤ እሱን እየላሰች ወተቷን ትለቃለች። ጅብ ቆዳ አይተውም። እናቴ የላሚቱን ጡት ስታሽ ዋለች፤ ላሚቱ ቅሉን በእግሯ ገለበጠችው። የጎረቤቶቻችንም ጥጆች በዚያው ሰሞን አንድ በአንድ ሄዱ፤ የምንለምነው ወተት አልነበረም። ለወንድሜ የገብስ አጥሚት ሰጠነው፤ ሆዱ አልያዘውም።

ፋሲካን ሳያይ ሞተ። እናቴ አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። አፈሩ ሲመለስ ቆሜ የማስበው እግሬን እንደበረደኝ ነበር። ምንም አልተሰማኝም፤ እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ላሚቱን ለሥጋ ሸጥናት፤ በገንዘቡ ጤፍ ገዛን።

የልጅ ልጄ ገጽ ገለበጠች። "እማማ፣ ቁጥራቸው ሲቀንስ ለቀሩት የሚደርሳቸው ምግብ ይጨምራል ይላል። እውነት ይመስልዎታል?"

"እውነት ነው" አልኳት፤ ከምስሩ ጠጠሩን እየለቀምኩ። በዚያ ክረምት እናቴና እኔ ጠግበን በላን። ቀሚሴ ጠበበኝና እናቴ ጎኑን ተርትራ አሰፋችልኝ።