ባዶ ያልሆነው ቀለበት

ሰፈሩ «ባለቀለበቷ» ይላታል። ስሙ ቢያምርም ሹፈት አለበት፤ አርባ ሊሞላት ነው፣ አላገባችም። እናቷ እንኳ ሲብስባቸው፣ «ልጄ፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ ቀለበት ቀለበት ስትዪ ኖርሽ፤ አንዱ እንኳ ጣትሽ ላይ አይገባም?» ይሏታል። እሷም ስቃ፣ «እማዬ፣ በዓይን የማይታይ ቀለበት የማን ጣት ላይ ይገባል?» ትላለች።

የዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች። ቀለበቱ ሞለኪውል ነው፤ አምስት የብረት አቶሞች በረጃጅም ሞለኪውሎች ተሳስረው ክብ የሠሩት። ማንም አይገጣጥማቸውም። የብረቱን ጨው ከማሰሪያዎቹ ሞለኪውሎች ጋር ማሞቅ ብቻ ነው፤ ከጨው የመጣው ክሎራይድ መሃል ይቀመጥና ሌላው ራሱ በዙሪያው ይደረደራል። በክሎራይድ ፋንታ ከሱ ተለቅ ያለው ሰልፌት ከገባ ቀለበቱ ሰፍቶ ባለስድስት ብረት ይሆናል። ልኩን የሚወስነው መሃል የሚቀመጠው ነው።

አለቃዋ ፕሮፌሰሩ የተመኙት ባዶ ቀለበት ነበር፤ ከተበከለ ውሃ ውስጥ መርዝ የሚለቅም። ግን ክሎራይዱን በብር ጨው ስባ ባወጣች ቁጥር ነጭ ዝቃጭ ይወርድና ሐምራዊው ፈሳሽ ጭቃ ይመስላል። ቀለበቱ ፈረሰ ማለት ነው። ዐሥር ዓመት እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝቃጩን አጥልላ የቀረውን ጭቃማ ፈሳሽ በውሃ ስታቀጥነው ሐምራዊው ቀለም ቀስ እያለ ተመለሰ። ሮጣ ፕሮፌሰሩን ጠራቻቸው። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሱት።

«ያለ ክሎራይድ ቆመ! አየሽው?»

«መጀመሪያ ክሪስታል ይውጣለትና በኤክስሬይ ይታይ እንጂ፣ ፕሮፌሰር። አይቸኩሉ።»

«ዐሥር ዓመት የጠበቀ ሰው ቸኮለ ይባላል?»

ክሪስታሉ የኤክስሬይ መሣሪያው ወዳለበት ሌላ ተቋም ተላከ። ምላሹ አራት ወር ፈጀ። እሳቸው ግን አልጠበቁም፤ ጽሑፉን አሳተሙ፣ ስሟንም ከስማቸው ጎን አሰፈሩላት። እናቷ ወረቀቱን ለጎረቤት ሁሉ አሳዩ። «የተማረ ይግደለኝ!» እያሉ።

ምስሉ ሲመጣ መጀመሪያ ያየችው እሷ ነበረች። መሃል ላይ ክሎራይድ ተቀምጧል። ከየት መጣ? የዚያን ዕለት መዝገብ ገለጠች። በገዛ እጅ ጽሕፈቷ፦ «የማጣሪያው ማሽን ተበላሽቷል፤ ውሃ ከቧንቧ ተቀዳ።» በቧንቧ ውሃ ውስጥ ደግሞ ክሎራይድ አይጠፋም። በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ሦስቴም ጭቃ ሆነ። ከቧንቧው ስትጨምርበት ሐምራዊ።

ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። ሁለት ቀን መዝገቡን ስትገልጥ ስትዘጋ ዋለች። በሦስተኛው ቢሯቸው ገባች።

«ፕሮፌሰር፣ ቀለበቱ ባዶ አይደለም። ክሎራይዱ ከቧንቧ ውሃው ነው። የቀዳሁት እኔ ነኝ።»

ምስሉን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። «ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«አልነገርኩም። እርስዎ ቢናገሩት ይሻላል ብዬ ነው።»

«ውጪ» አሏት፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ተናገሩት። ጽሑፉ እንዲሰረዝ አደረጉ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለውም ጻፉ፤ ስሟን አላነሱም። ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱላትም፤ በኮሪደር ሲገናኙ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ላቦራቶሪው ለሌላ ቡድን ተሰጠ። እሷ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች። እሳቸው በዓመቱ ጡረታ ወጡ።

አንድ ቅዳሜ ቀን ብርቱካን ይዛ ቤታቸው ሄደች። ባለቤታቸው በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

«ተኝቷል፣ እህቴ።»

ከውስጥ የሳቸው ሳል ተሰማ፤ ወንበርም ተጎተተ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ባለቤታቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። እሷም ብርቱካኑን አቀብላ ተመለሰች። መንገድ ላይ ማልቀስ ፈልጋ እንባ እምቢ አላት።

አሁን ግምጃ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጣ ጠርሙስና ማጥለያ ታድላለች። አዳዲሶቹ ተመራማሪዎች ምን ሊሠሩበት እንደሆነ ሊነግሯት ሲጀምሩ፣ «እዚህ ጋ ፈርሙ» ትልና መዝገቡን ትገፋላቸዋለች።